ወስፌ፣ አለላና ልጆች፦ ስለ ቤት ውስጥ ስፌት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ልጆች የሚሯሯጡበት ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብዬ ስፌት እሰፋለሁ፤ ጎረቤት፣ ዘመድና የሥራ ባልደረባ የሚጠይቁኝን ከቀላሉ እስከ ከባዱ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ስፌት ስትዪ የልብስ ነው?

አይደለም፣ የሣር ስፌት ነው። መሶብ፣ ሌማት፣ ሰፌድ፣ እንቅብና ሙዳይ የሚሠሩበት ሙያ ማለቴ ነው። በመርፌ ፋንታ ወስፌ፣ በክር ፋንታ አለላ የሚባለው ባለቀለም ሣር ይያዛል።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀጭን የሣር እስር ትይዛላችሁ። በላዩ ላይ የተሰነጠቀ ሣር ትጠመጥሙበታላችሁ። እስሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት በራሱ ላይ እየዞረ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ጥምጥም ከበፊቱ ዙር ጋር በወስፌ እየተወጋ ይያያዛል። ትልቁ መሶበ ወርቅም ትንሿ ሙዳይም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ለመጀመር ምን ምን ልግዛ?

ወስፌ፣ ለውስጥ የሚሆን ሣር፣ ለላይ የሚጠመጠም አለላ ወይም ክር፣ መቀስ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ። ሌላ ምንም አያስፈልግም። ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ስለሚሰበር ውሃው የግድ ነው። ግን ሣሩን ውሃ ውስጥ አታሳድሩት። አርጥባችሁ በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ይበቃዋል።

ወስፌ ስትገዙ እጀታውን በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ሞክሩት። ቶሎ የሚደክመው መዳፍ ነውና። የእኔ ወስፌ የእናቴ ነበር። የእንጨት እጀታው አውራ ጣቷ ያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ጎድጉዷል። አሁን የእኔ አውራ ጣት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

አክርማ፣ ስንደዶ፣ አለላ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

አክርማና ስንደዶ የሣር ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ለስፌት ይውላሉ። አለላ ግን ለብቻው የሚበቅል ሣር አይደለም። ለስፌት ተሰናድቶ ቀለም የተነከረው ሣር ነው አለላ የሚባለው። ብዙ ሰው ገበያ ሄዶ ቀዩን ሲያይ የቀይ ሣር ዘር ያለ ይመስለዋል።

ስትገዙ አንዱን ዘለላ መዛችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። እንደ ብስኩት ከተሰበረ አርጅቷል። እስሩን ወደ አፍንጫችሁ ጠጋ አድርጉት፤ የእርጥብ ጓዳ ሽታ ካለው ሳይደርቅ ታስሯልና ተዉት።

መጀመሪያ ምን ልስፋ?

መሶብ አይሁን። ጀማሪ ሁሉ መሶብ ይመኛል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያልተጨረሰው ሥራ ከአልጋ ሥር ይገባል። የእጅ መዳፍ የሚያህል የድስት ማሳረፊያ ስፉ። በጥቂት ቀን ያልቃል፣ ማታውኑ ገበታ ላይ ይውላል፣ ቢጣመምም ድስት ይሸከማል።

መነሻው እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?

አብዛኛው ሰው ስፌት የሚተወው እዚህች ላይ ነው። መነሻዋ ከአተር አትበልጥም። የምትይዙበት ቦታ የላትም፣ ጣት ይሸፍናታል፣ ትንሽ ላላ ስታደርጓት ትፈታለች። እኔ የመጀመሪያዋን ስድስት ጊዜ ፈትቼ ጀምሬያለሁ።

እንዲህ ሞክሩት። አምስት ስድስት ቀጫጭን ሣር ብቻ ውሰዱ፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ያበዛል። በደንብ አርጥቡት። ጫፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ አለላውን አጠጋግታችሁ ጠምጥሙበት። የጣት ጫፍ የሚዞር ያህል ሲሆን እንደ ቀለበት እጠፉት። ቀለበቷን ጨፍልቃችሁ ወስፌውን መሀሏ ላይ ውጉ፣ አለላውን አሾልኩ፣ ሳቡ። ስትስቡ አትራሩላት። ቀዳዳዋ ጠፍታ ነጥብ ስትመስል መነሻችሁ ቆመ ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ዙር ሳትሞሉ ከመቀመጫችሁ አትነሡ። ሦስት ዙር ካለፈ ልጅ ቢጎትተውም አይፈታም።

ይሄም ካስቸገራችሁ በማቶት ጀምሩ። የጀበና ማስቀመጫው መሀሉ ክፍት ስለሆነ ያቺ አተር የምታህል መነሻ አትመጣባችሁም። እስሩን ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀለበት አድርጋችሁ ዙሪያውን መስፋት ብቻ ነው። እጃችሁ ወስፌ ከለመደ በኋላ ወደ ድስት ማሳረፊያው ተመለሱ።

ጠፍጣፋ ይሆናል ያልኩት እንደ ባርኔጣ ተነሣብኝ። ለምን?

ወይ አዲሱን ዙር ከበፊቱ ጎን ሳይሆን አናቱ ላይ እያሳረፋችሁት ነው፣ ወይ እስሩን እየሳባችሁት ነው። እስር አይሳብም፤ የሚሳበው አለላው ብቻ ነው። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ከተወዛወዘ ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፣ እስሩን በጣም አላልታችሁታል።

የእስሩን ውፍረትም ተከታተሉ። ሣሩ እያለቀ ሲሄድ ዙሩ ይሳሳል። ሙሉ በሙሉ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ በየመሀሉ አንድ ሁለት ዘለላ እየጨመራችሁ ሂዱ። አንዴ ዘንግታችሁ አሥር ዘለላ ብትጨምሩበት እባብ እንቁራሪት የዋጠ ይመስላል።

መሶብ ሲሰፋ ግን ይሄንኑ መነሣት አውቃችሁ ታደርጉታላችሁ። ዙሩን ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ እያሳረፋችሁ ጎኑን ታቆሙታላችሁ። ስለዚህ ባርኔጣ የሆነባችሁን ሥራ አትጣሉት። እኛ ቤት እንዲህ ያለው የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኖ ሦስት ዓመት አገልግሏል።

አለላ ቤት ውስጥ መንከር ይቻላል?

ይቻላል። የቀለም ዱቄት ገበያ አለ። ውሃ ይፈላል፣ ቀለሙ ይገባል፣ ሣሩ በትንሽ በትንሹ ታስሮ ይነከራል፤ ቀለሙን እስኪጠጣ ይቆይና ጥላ ቦታ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት ሳይሰፋ ይደበዝዛል። ምግብ የሚሠራበት ድስት ፈጽሞ አይሆንም። እኔ ለዚህ ብቻ የማውለው አሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አለኝ። ውጭ ሥሩ፣ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን ራቅ አድርጉ።

አንድ ቅዳሜ ቀይ ነክሬ ከልብስ ገመዱ አጠገብ ሰቀልኩት። ነፋስ መጣ። የባለቤቴ ነጭ ጋቢ ገመዱ ላይ ነበር። አራት ቀይ ሰረዝ ቀረበት፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦም አልለቀቀም። በጣም አዝኜ ነበር፣ እናቱ ፈትላ ያሠራችለት ጋቢ ነው። እሱ ግን አሁንም ይለብሰዋል። ከዚያ ወዲህ ልብስ በሚታጠብበት ቀን ቀለም አልነካም።

የተነከረውን ሣር ውሃው ጥርት እስኪል አለቅልቁት። ሲደርቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ለእንጀራ ዕቃ አይሆንም፣ ለግድግዳ ጌጥ አድርጉት። እኔ እንጀራ የሚነካውን የመሶቡን ውስጥ ሁልጊዜ ቀለም ባልነካው ሣር ነው የምሰፋው።

ሁለት ልጅ እያለሽ፣ ሥራ እየዋልሽ፣ ጊዜውን ከየት ታመጫለሽ?

ከሁሉ በላይ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜም ትንሽ ትዝብት አለበት፤ ቤቱ ተረስቶ ስፌት የሚሰፋ ይመስላል። እኔ ለስፌት ብዬ ያስቀመጥኩት ሰዓት የለኝም። ሰዓት ብጠብቅ ኖሮ አንዲት ሙዳይም አልጨርስም ነበር። ሊጥ አይጠብቅም፣ ወጥ ያርራል። ስፌት ግን የትም ላይ ይቆማል። ወስፌውን ሰክታችሁ ትነሣላችሁ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ስትመለሱ እዚያው ነው። ልጅ ያለው ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ማታ ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ እሰፋለሁ። በፊት ባዶ እጄን ስቀመጥ ገና ሳትጨነቅ እርሳሱን ከእጇ ተቀብዬ እኔው እሠራላት ነበር። አሁን እጄ ተይዟል። «እማ፣ ይሄን እንዴት ነው?» ስትለኝ «ይቺን ዙር ልጨርስ» እላታለሁ። ዙሩ ሳያልቅ «አገኘሁት፣ ተዪው» ትላለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም አንድ ክፍል እንገባለን። ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ ባለቤቴ የአያቱን ተረት ይጀምራል፣ ትንሹ ልጄ እግሬ ሥር ተቀምጦ ዙር ይቆጥርልኛል። በሻማ ቀዩና ቡናማው አይለይም። ለዚህ ብዬ ቀለም የሌለው አንድ ሥራ ሁልጊዜ አዘጋጅቼ አስቀምጣለሁ፤ የመብራት ማጥፊያ ሰፌድ ብለን ስም አውጥተንለታል። እሑድና በበዓል ቀን ግን ወስፌ አላነሣም። እናቴም አታነሣም ነበር።

ልጆች በስንት ዓመታቸው መጀመር ይችላሉ?

እኔ ቤት በአምስት ዓመት ሣር መለየት ተጀመረ፦ ረጅሙን ለብቻ፣ አጭሩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ። በሰባትና በስምንት ዓመት ሲባጎ ላይ የሱፍ ክር እየጠመጠሙ ጫፉ በደነዘዘ የጆንያ መርፌ መስፋት ይችላሉ። ወስፌ ለልጄ የሰጠኋት አሥር ዓመት ሲሞላት ነው። ደንቡ ሁለት ነው። ወስፌ ተይዞ አይኬድም፤ የማይሰፋበት ወስፌ ቡሽ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አደራ፣ ሥራቸውን አታስተካክሉባቸው። አንድ ሌሊት ልጄ ተኝታ ሳለ የተጣመመውን ሁለት ዙር ፈትቼ አቃናሁላት። ልረዳት ብዬ ነው። ጠዋት አየችውና «ይሄ የእኔ አይደለም» አለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም። ይቅርታ ጠይቄያት ያቀናሁትን እሷው ራሷ ፈታችው። አሁን ጠማማ ሆኖ አልቋል፤ አያቷ የኪኒን ፓኮዋን ታስቀምጥበታለች።

እንጀራ ሳስቀምጥበት ሻገተብኝ። መሶቡ ተበላሽቷል?

የመሶብ ጠላት እርጥበት ነው። እንጀራ ከምጣድ እንደወጣ ከነትኩሳቱ ወደ መሶብ አይገባም። ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፣ ላቡ ይውጣለት፣ ከዚያ ይግባ። ሥር ንጹሕ ጨርቅ አንጥፉና ጨርቁን በየጊዜው እጠቡ።

የሻገተው ላይ ላዩ ከሆነ ውጭ አውጡና በደረቅ ብሩሽ አራግፉት። አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከዚያ አቼቶ በነካ ጨርቅ ጠርጋችሁ ነፋሻ ቦታ በደንብ ይድረቅ። መሶብ ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም። ሣሩ ውስጡ ድረስ ጠቁሮ ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ግን እንጀራ አታስቀምጡበት።

የሐረር ስፌትስ ይለያል?

ወስፌና ጥምጥሙ ያው ነው፤ ጥለቱና የየዕቃው ስም የራሳቸው የሐረሪዎቹ ነው። በሐረሪ ቤት ስፌት ጓዳ አይገባም፣ ግድግዳ ላይ በደንብ ተደርድሮ ይሰቀላል፤ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበችውን ጀጎልን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ግድግዳውን ሳታዩ አትመለሱ። እኔ የቀለም አመዳደብ የገባኝ እዚያ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ሣሩን ከየት ላምጣ?

ሣሩ የግድ አይደለም። ለውስጡ ሲባጎ ወይም ወፈር ያለ የጥጥ ገመድ፣ ለላዩ ራፊያ (ከዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ጭረት) ወይም የሱፍ ክር በየእጅ ሥራ መደብሩ ይገኛል። አዲስ አበባም ዛሬ በክር የተሰፋ ብዙ ነው። ክር አይሰበርም፣ ማርጠብ አይፈልግም፣ ቀለሙ ተዘጋጅቶ ይመጣል። የሚጎድለው የሣሩ አንጸባራቂነትና ሽታው ነው። ከልጆች ጋር ለመጀመር እንዲያውም ክሩ ይሻላል።

ከአገር ቤት መሶብ ወይም ሣር የምትወስዱ ከሆነ ከዕፅዋት የተሠራ ነውና ስትገቡ ለጉምሩክ አሳውቁ። ሳታሳውቁ ከተገኘባችሁ መቀጫ ሊኖረው ይችላል። ደረቅና ንጹሕ፣ አፈርና ዘር የሌለበት ይሁን። ቤት ስትደርሱ ነቀዝ ከጠረጠራችሁ በላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከሳምንት በላይ አቆዩት።

የእናቴ መሶብ ጠርዙ ተበልቷል። ይጠገናል?

ይጠገናል፤ እኔ በጣም የምወደው ሥራም ይሄ ነው። መጀመሪያ ልቅ የሆነውን አለላ አትቁረጡት። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ትንሽ ይለስልስ። ከዚያ የተበላውን እስር ጫፍ ጫፉን አሳስታችሁ አዲስ ሣር አስገቡበት፣ ከደህናው ጥምጥም ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጠምጥሙት። ከተሰበረበት ቦታ ላይ ብቻ ከጀመራችሁ እንደገና እዚያው ይለቃል።

ቀለሙን ለማመሳሰል አትድከሙ። ሠላሳ ዓመት የደበዘዘ ቀይ ዛሬ ከተነከረ ቀይ ጋር አይገጥምም። እኔ የእናቴን ሌማት ስጠግን ቀለም በሌለው ሣር ነው የሞላሁት። የእሷ የቱ፣ የእኔ የቱ እንደሆነ ይታያል፤ ልጆቼም በጣታቸው እየነኩ «ይሄ የአያቴ፣ ይሄ የአንቺ» ይላሉ።

ወንድ ልጅ ስፌት ሲሰፋ ሰው ምን ይላል?

ይላል፣ ብሎኛልም። አንዲት አክስቴ ልጄን ወስፌ ለመያዝ ሲለማመድ አይታ «አንተ ልጅ፣ ተው ይሄን» ብላ ልትነጥቀው ነበር። ስፌት በእኛ አገር የሴት ሙያ ሆኖ መቆየቱ እውነት ነው። ግን እሷ የለበሰችውን ነጠላ ማን ሠራው? ጥጡን ሴት ትፈትላለች፣ ሸማውን የሚሠራው ሸማኔ ግን ወንድ ነው። ከክርና ከጥለት ጋር መዋል ለወንድ ነውር ቢሆን ኖሮ ባዶ ትከሻችንን በቀረን ነበር።

«አክስቴ፣ ሸማኔም ወንድ ነው እኮ» አልኳት፤ ዝም አለች። ለገና አንድ ማቶት ሰፍቶ ወሰደላት። አሁን ቡና ስታፈላ ጀበናዋን እሱ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ስለ ነውር አላነሣችብኝም።

ሸጬ ልተዳደርበት እችላለሁ? ዋጋውንስ እንዴት ልተምን?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በአንድ ሰው እጅ ብቻ፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ከዚህ ሙሉ መተዳደሪያ ማውጣት ከባድ ነው። እኔ ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ስሰፋ ዐሥራ አራት ሰዓት ያህል ይወስድብኛል። ትልቅ መሶብማ ወራት ይፈጃል። የእጅ ሥራውን የምታየው ሴት ስትደነቅ፣ ዋጋውን ስትሰማ ትደነግጣለች።

ስለዚህ ሰዓታችሁን ጻፉ። አንድ ወረቀት ከሥራው ጋር አስቀምጡና በተቀመጣችሁ ቁጥር ምልክት አድርጉ። የሣሩን፣ የቀለሙን ወጪና የሰዓታችሁን ዋጋ ደምሩ። ገዢ ሲከራከር ወረቀቱን አሳዩ። እኔ ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ ክርክሩ ቀንሷል፤ ሰው ሰዓቱን ሲያይ ነው የሚገባው። ለዘመድ ደግሞ ወይ በነጻ እሰጣለሁ ወይ በሙሉ ዋጋው እሸጣለሁ። በግማሽ ዋጋ ሸጬ ቅር ያልተሰኘሁበት ቀን የለም።

ልጄ ጀምራ ተወችው። ላስገድዳት?

እኔ አላስገድድም። እናቴም አላስገደደችኝም። በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሬ ተውኩት፣ የተመለስኩት የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ነው። እጄ ግን አልረሳም ነበር፤ መነሻውን በመጀመሪያው ቀን ነው ያቆምኩት።

የማደርገው አንድ ነገር አለ። የተተወውን ሥራ አላነሣውም፣ አልጨርስላትም፣ ወቀሳ አላነሣበትም። ከሚታይበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። የልጄ ሌማት ከክረምቱ ጀምሮ መስኮቱ ላይ አለ፣ ሰባተኛው ዙር ላይ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ አንሥታ ገለበጠችው፣ ቆጠረችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሣሩን ማርጠቢያ ሳህኑ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ከማጠቢያው ሥር ነው አልኳት።